ቁስሉ ይከፈት

በሀዲያና በከምባታ፣ አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች የሚያመጡት ሕመምና ሕክምናው

በሀዲያ ገጠር እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው። ከሆሳዕና ከተማ ወጣ ሲሉ፣ ከቤቱ ጀርባ የከብት እበት ጠግቦ በጠቆረው አፈር ላይ፣ የደረሰ እንሰት ተቆርጦ ይወድቃል። እናቶች ግንዱን ገንጥለው በተጋደመ ሳንቃ ላይ ያስደግፉታል፤ በእግራቸው ረግጠው ይዘው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ጭማቂው ተጠልሎ ቡላ ይወጣዋል። የተፋቀውና የተቀጠቀጠው ሥር ተቀላቅሎ፣ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ ቅጠል ይደረብበታል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ከዚህ በኋላ ወደ ቆጮ የሚለውጡት አየር በሌለበት መኖር የሚችሉ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው።

ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የቆጮ ጥናት ይህን ሂደት ደረጃ በደረጃ ተከታትለውታል። መጀመሪያ ሉኮኖስቶክ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ይነሣሉ፤ ቀጥለው ላክቶባሲለሶች ይረከባሉ፤ የሊጡ ኮምጣጣነት እየጨመረ ይሄዳል። ከአፈሩ አብረው የገቡ ክሎስትሪዲየም የሚባሉ ባክቴሪያዎችም በጉድጓዱ ውስጥ አሉ። እነሱ የበረቱ እንደሆነ ቆጮው ክፉ ሽታ ያመጣል። ባለሙያ እናት ጉድጓዱን በየጊዜው ከፍታ፣ አገላብጣና አናፍሳ መልሳ የምትዘጋው ስለዚህ ነው። ክሎስትሪዲየም አየር ሲነካው ይዳከማል።

የክሎስትሪዲየም ወገን የሆኑ ሌሎች ባክቴሪያዎች በዚያው በእበት በለማው አፈር ውስጥ አሉ። እግር ሲወጋ፣ እጅ በማጭድ ሲቆረጥ፣ ወደ ሰው ሥጋ ይገባሉ። ደም ያልደረሰበት፣ የሞተ ሥጋ የተጠራቀመበት፣ አፉ የተዘጋ ቁስል ለእነሱ እንደ ተከደነ የቆጮ ጉድጓድ ነው፤ ኦክስጅን የለም፣ ምግብ ግን ሞልቷል። ይህ ጽሑፍ አጥብቆ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፤ እነዚህን ሕመሞች እንክብል ብቻውን አያሽራቸውም። የተቋጠረው መግል መበጣት፣ የሞተው ሥጋ መቆረጥ፣ የተቀደደው አንጀት መጠገን አለበት። መድኃኒቱ የሚሠራው ከዚያ ጋር ነው። የዘገየ ሰው በእግሩ፣ ብዙ ጊዜም በሕይወቱ ይከፍላል።

አየር የሚገድላቸው

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1861 ቅቤን የሚያበላሸውን አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ሲመረምር ያልጠበቀውን አየ። ከጠብታው መካከል ያሉት ይንቀሳቀሳሉ፤ አየር የሚነካቸው የጠርዞቹ ግን ጸጥ ይላሉ። ሕይወት ያለ አየር አይቻልም ይባል በነበረበት ዘመን፣ አየር የሚያጠፋው ሕይወት መኖሩን አስታወቀ።

ምክንያቱ በኋላ ተገለጠ። ኦክስጅን በሕዋስ ውስጥ ሲሠራ ጎጂ ቅሪቶችን ይተዋል። የእኛ ሕዋሳት እነዚህን ቅሪቶች የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ ብዙዎቹ አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ግን የላቸውም ወይም ጥቂት ነው ያላቸው። ስለዚህ አየር ከማይደርስበት ይጠለላሉ፤ በሐይቅ ጭቃ፣ በአፈር ጥልቀት፣ በከብት ሆድ ዕቃ፣ በጥርስና በድድ መካከል፣ ከሁሉም በላይ በሰው ትልቁ አንጀት ውስጥ። በትልቁ አንጀት በአንድ ግራም ሰገራ መቶ ቢሊዮን ያህል ባክቴሪያ ይገኛል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ያህል አየር የማይወዱት ናቸው። እዚያ ሳሉ ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ያልተፈጨውን ምግብ ይፈጫሉ፣ ክፉ ተሕዋስያን ቦታ እንዳይዙ ይከላከላሉ። ጠላት የሚሆኑት አጥሩ ተጥሶ ወደማይገባቸው ቦታ ሲፈስሱ ነው።

እንግዲህ ሕመሞቹ ከሁለት ወገን ይመጣሉ። አንዱ ከውጭ፣ ከአፈር የሚገባ ነው፤ መንጋጋ ቆልፍና ጋዝ ጋንግሪን ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው ከውስጥ፣ ከራሳችን አንጀት፣ አፍ ወይም ማሕፀን የሚነሣ ነው። ሆሳዕና ላይ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከምባታ ውስጥ ደግሞ የዱራሜ ሆስፒታል ሁለቱንም ወገን ያስተናግዳሉ።

መንጋጋ ቆልፍ

ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ገዢ፣ የገራዱ ልጅ ነበሩ። ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ አገር የመሩ ሴት ናቸው። በስማቸው የተጠራው ሆስፒታል ዛሬ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ወደ እንዲህ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አፉን መክፈት አቅቶት የሚመጣ ገበሬ ከመጣ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቁስል ነው። ብዙ ጊዜ ቁስሉ ድኖ ተረስቷል። እሾህ ነበር፣ ሚስማር ነበር፣ የመጥረቢያ ጫፍ ነበር። ሕዝቡ ዝገትን ይፈራል፤ በሽታውን የሚያመጣው ግን ሚስማሩ ይዞት የገባው አፈር ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ሲቸገር ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይተኛል። በዚህ መልኩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ተራ የፈላ ውኃም በቀላሉ አይገድለውም። የሆስፒታል መሣሪያዎች በግፊት እንፋሎት በ121 ዲግሪ የሚቀቀሉት ለዚህ ነው። አየር ያጣ ቁስል ሲያገኝ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ይረጫል። እሱ ራሱ ከቁስሉ አይርቅም፤ መርዙ ግን በነርቮች ላይ እየተጓዘ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ይወጣል። እዚያ ጡንቻን የሚያላላውን ትእዛዝ ይዘጋል። ከቆሰለ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ መንጋጋ ይቆለፋል፣ አንገት ይገተራል፣ ሆድ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ጀርባ ይቀለበሳል። ትንሽ ድምፅ፣ የመብራት ብልጭታ፣ የእጅ ንክኪ መላ አካሉን ያንዘፈዝፈዋል። ታማሚው ይህ ሁሉ ሲሆንበት ልቡን አይስትም፤ ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉንም ያውቃል።

ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1889 በርሊን ውስጥ ይህን ባክቴሪያ ለብቻው ነጥሎ አሳደገው። በዓመቱ ከኤሚል ቤሪንግ ጋር ሆኖ መርዙን የሚያከሽፍ ሴረም ከእንስሳት ደም ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። የዛሬው ሕክምናም በዚያው መሠረት ላይ ቆሟል። ቁስሉ ይከፈታል፣ ይጸዳል፣ የሞተው ሥጋ ይቆረጣል። ነርቭ ያልያዘውን መርዝ የሚያከሽፍ ፀረ መርዝ በመርፌ ይሰጣል። ባክቴሪያውን ለመግደል ሜትሮኒዳዞል፣ መንዘፍዘፉን ለማርገብ ዲያዜፓምና ማግኒዥየም ሰልፌት ይታዘዛሉ። ታማሚው ጸጥ ባለና ብርሃን በቀነሰበት ክፍል ይተኛል፤ ትንፋሽ ካስቸገረው ጉሮሮው ተከፍቶ በማሽን ይታገዛል። ነርቭን አንዴ የያዘውን መርዝ የሚያወጣ መድኃኒት የለም፤ ነርቩ እስኪታደስ ሳምንታት ይወስዳል። በእነዚያ ሳምንታት የሚያድነው የነርሶች ትጋትና የአስታማሚ ጽናት ነው።

ጎረቤት መጥቶ ጋኔን ነው፣ ዓይን ነው የሚልበት ጊዜ አለ። በዚህ አገር ጸሎት ሳይደረግ ሕመምተኛ አይወጣም፤ ይደረግ። ይሁንና ጸሎቱ ታማሚውን ተሸክመው ወደ ሐኪም ሲሄዱም ይደርሳል፤ ያለፈ ሰዓት ግን አይመለስም።

ይህን በሽታ የሚለየው ሌላ ነገር፣ ታሞ የዳነ ሰው ዳግመኛ ሊታመም መቻሉ ነው። ሰውን የሚገድለው የመርዝ መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ሰውነት ከሕመሙ መከላከያ አይማርም። መከላከያ የሚገኘው ከክትባት ብቻ ነው፤ ከመንጋጋ ቆልፍ የተነሣ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ክትባቱን መጀመር አለበት።

እትብትና ምላጭ

ይህ በሽታ ዋና ጭዳው ያደረጋቸው ጨቅላዎችንና ወላዶችን ነበር። ያልተቀቀለ ምላጭ እትብት ይቆርጣል፤ በአንዳንድ ቤት ቅቤ፣ በአንዳንዱም ሌላ ነገር ይቀባበታል። ጥሩ የነበረ ሕፃን በሳምንቱ ገደማ ጡት መሳብ ያቅተውና ይገተራል።

ኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራሟን እ.ኤ.አ. በ1980 ጀመረች። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነሣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ፤ ነፍሰ ጡሮችን ቤት ለቤት እየፈለጉ ወደ ክትባትና ወደ ጤና ጣቢያ ወሊድ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችና የጨቅላዎች መንጋጋ ቆልፍ በኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ ወርዷል ተብሎ ተረጋገጠ። ባክቴሪያው ከአፈሩ አልወጣም፣ አይወጣምም። የተለወጠው የእናቶች ክንድና የአዋላጆች እጅ ነው። ክትባቱ በተዘለለበት ዓመት በሽታው ይመለሳል።

በከምባታ ምድር የግርዛትን ምላጭ ለማስጣል የታገሉት ደግሞ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ነበሩ። ከምባታ ተወልደው፣ ከቤት ተደብቀው ፊደል ቆጥረው፣ በኢየሩሳሌም ማይክሮባዮሎጂ አጥንተው፣ ከዚያም በአሜሪካ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። በልጅነታቸው በግርዛት ደም ፈስሷቸው ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ኬ ኤም ጂ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሽማግሌውን፣ ገራዧን፣ ወጣቱን፣ ልጃገረዷን በአንድ ሸንጎ አስቀምጠው ወራት የሚወስድ ውይይት አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስትዳር ሕዝብ ታደመ። ሕጉም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አደረገው። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየምን የንጉሥ ባውዱዊን የልማት ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. አረፉ። ስለ ሴት ልጅ ክብር በተደረገው በዚህ ትግል ምላጩ ሲቀር፣ በምላጩ የሚገባው ደም መፍሰስ፣ መግልና መንጋጋ ቆልፍም አብሮ ቀርቷል።

ያልቀረም አለ። የሕፃን እንጥል በልምድ ማስቆረጥ ዛሬም በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች አለ። የሕፃን ጉሮሮ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ያልጸዳ ጉጠት እዚያ ያቆሰለው ሥጋ በአንገት ውስጥ መግል ይቋጥራል፣ መተንፈሻን ይዘጋል፣ መንጋጋ ቆልፍንም ይጋብዛል።

ሆድ ሲቀደድ

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ከራስ አንጀት ወደሚነሣው እንለፍ። አንድ የባድዋቾ ወጣት እሑድ ዕለት እንብርቱ አካባቢ ያመዋል እንበል። ሰኞ ሕመሙ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆዱ ይወርዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል። ቁርጠት ነው ተብሎ ከሱቅ ማስታገሻ ይገዛለታል። ረቡዕ ድንገት ቀለል ይለዋል፤ ቤተሰቡ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ሐሙስ ሆዱ ተነፍቶና ጠንክሮ፣ ትኩሳቱ ነድዶ በባጃጅ ወደ ሾኔ ሆስፒታል ይደርሳል።

ረቡዕ ቀለል ያለው ትርፍ አንጀቱ ስለፈነዳ ነው። የተወጠረው ነገር ሲቀደድ ሕመሙ ለሰዓታት ይረግባል፤ የአንጀት ባክቴሪያ ግን ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። መጀመሪያ እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት፣ በአየርም ያለ አየርም የሚኖሩት፣ ይበዛሉ። እነሱ በአካባቢው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ከዚያ ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ የሚባለውና ጓደኞቹ ይረከባሉ፤ መግል ይቋጥራሉ። አንዱ ለሌላው ቦታ ያመቻቻል፤ ሁለቱ ተባብረው የሚያደርሱት ጉዳት ለየብቻ ከሚያደርሱት ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ሐኪሙም ለሁለቱም መድኃኒት ያዛል። በአገራችን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ተጣምረው የሚታዘዙት ለዚህ ነው፤ አንዱ ኢ. ኮላይንና መሰሎቹን፣ ሌላው አየር የማይወዱትን ይመታል። ሜትሮኒዳዞሉ ለአዋቂ በየ8 ሰዓቱ 500 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይገባል።

የአንጀት መታጠፍም ሌላው መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የትልቁ አንጀት መታጠፍ አዋቂ ወንዶችን ደጋግሞ የሚይዝ የታወቀ ድንገተኛ ሕመም ነው። ሆድ ይነፋል፣ ጋዝም ሰገራም ይዘጋል። የታጠፈው አንጀት ደም ሲያጣ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል፣ ይሞታል፣ ይቀደዳል። ቀድሞ የደረሰ ታማሚ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ አንጀቱ የሚዘረጋበት ዕድል አለ፤ የዘገየው አንጀቱ ይቆረጣል።

በማሕፀንም ታሪኩ ያው ነው። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በማሕፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ደም የሌለው ሥጋ ነው። ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽና የታችኛው ሆድ ሕመም ከመጣ ያቺ ሴት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለባት። የቀረው ይወጣል፤ አምፒሲሊን፣ ጄንታሚሲንና ሜትሮኒዳዞል አብረው ይሰጣሉ። ሳይወጣ መድኃኒት ብቻ መስጠት እሳቱን ትቶ ጭሱን ማራገፍ ነው።

መክፈት የመጀመሪያ ሕክምና መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት በጉልህ አሳይቷል። በሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን ታመው መግላቸው በሚገባ የወጣላቸውና የተቀደደው የተጠገነላቸው 518 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ 4 ቀን ያህል፣ ሌሎቹ 8 ቀን ያህል መድኃኒት ወሰዱ። ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ቀዶው በትክክል ከተሠራ መድኃኒቱ ለአጭር ጊዜ ይበቃል ማለት ነው። ይህ መድኃኒት ገዝቶ ለሚያስታምም የገጠር ቤተሰብ ትልቅ ዜና ነው።

የቀዶ ሐኪም በየወረዳው አለመኖሩን የተረዳችው ኢትዮጵያ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እንደ ሾኔ፣ ሆመቾና ሺንሺቾ ያሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ፋይዳቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ሰዓት ይቆጥራልና።

የታሰረ እግር

ከዛፍ የወደቀ ልጅ ወይም በሞተር ሳይክል የተጋጨ ወጣት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ወጌሻ ቤት ነው። ወጌሻው ጎረቤት ነው፣ ዋጋው ይቀላል፣ ቋንቋውም የቤት ነው። አደጋው ያለው በእስሩ ላይ ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ እብጠቱን መውጫ ሲያሳጣው ደም ሥሮቹ ይታፈናሉ፤ ደም የቀረበት ሥጋ ይሞታል። በአገራችን ሆስፒታሎች በልጆችና በወጣቶች ላይ ለሚፈጸም እግርና እጅ መቁረጥ ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የሞተው ሥጋ ቁስል ካለው፣ በአፈር የገባው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ጋዝ ጋንግሪንን ያመጣል። ይህ ባክቴሪያ ሲመቸው በ10 ደቂቃ ገደማ ቁጥሩን እጥፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሕመሙ የሚለካው በሰዓት ነው። ከቁስሉ ገጽታ በላይ የሆነ ከባድ ሥቃይ ይመጣል፤ ቆዳው መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል፤ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች ይወጣሉ፤ በጣት ሲጫኑት ከቆዳው ሥር ጋዙ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ፔኒሲሊንና ክሊንዳማይሲን ይሰጣሉ፤ የሚያድነው ግን ቢላዋው ነው። የሞተው ሥጋ ጤነኛና የሚደማው እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ አንዳንዴ እግሩ ራሱ ይቆረጣል።

እናት፣ አባት፣ ወጌሻም ሊያውቋቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። ከእስሩ በኋላ ሕመሙ ከቀነሰ ይልቅ ከጨመረ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ልጁ ጣቱን ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ እስሩ በዚያች ደቂቃ ይፈታ፤ ነገ እስኪነጋ አይጠበቅ። ከዚያ ጉዞው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቆሻሻ ቁስልን አለመስፋትም የዚሁ ትምህርት አካል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የተዋጉት ለዘመናት ፍግ በተበተነበት የፍላንደርስ እርሻ ላይ ነበር፤ ቁስላቸው በጋዝ ጋንግሪንና በመንጋጋ ቆልፍ ተመታ። ቤልጂየማዊው አንትዋን ደፓዥን የመሰሉ የቀዶ ሐኪሞች የሞተውን ሥጋ ቆርጠው፣ ቁስሉን አጥበው ክፍት መተውን፣ ከቀናት በኋላ ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ መስፋትን አስተማሩ። በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ ያለው የእንሰት ጓሮም ፍግ የጠጣ ነው። ገበሬው የማጭድ ቁስሉ ቶሎ እንዲሰፋለት ሲለምን ነርሷ፣ «አባባ፣ ታጥቦ ክፍት ይቆያል፤ በአራተኛ በአምስተኛው ቀን ንጹሕ ከሆነ እንሰፋዋለን» ብትለው ችላ ማለቷ አይደለም። አየር መድኃኒት መሆኑን ስለምታውቅ ነው።

አፍና ጆሮ

የበሰበሰ የታች መንጋጋ ጥርስ ተራ ነገር ይመስላል። ከሥሩ የተቋጠረው መግል ከአገጭ ሥር ሲሰራጭ ምላስ ወደ ላይ ይገፋል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ምራቅ ይንጠባጠባል፣ ትንፋሽ ይታፈናል። ይህ የድንገተኛ ክፍል ሕመም ነው። መግሉ ይበጣል፣ ጥርሱ ይነቀላል። ጥርሱን አስቀምጦ በየወሩ አሞክሲሲሊን መግዛት በሽታውን ማስታመም እንጂ ማከም አይደለም።

ለዓመታት መግል የሚወጣው የልጅ ጆሮም እንዲሁ በቸልታ ይታለፋል። ሽታ ያለው የጆሮ መግል ብዙ ጊዜ አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች አሉበት። ከጆሮው ጀርባ ያለውን ስስ አጥንት በልቶ አንጎል ውስጥ መግል የሚቋጥርበት ጊዜ አለ። ልጁን ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም መንቀጥቀጥ ከያዘው፣ ወይም እንቅልፍ ካበዛ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ከሁሉ የከፋው ኖማ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ኩፍኝ የመሰለ በሽታ ያደከመው ከ2 እስከ 6 ዓመት አካባቢ ያለ ሕፃን ድዱ ይቆስላል፤ ካልታከመ በጥቂት ቀናት ጉንጩ ተበልቶ ይበሳል። ሳይታከሙ ከቀሩት ሕፃናት እስከ 90 በመቶ የሚደርሱት ይሞታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ሲጀምር ከደረሱለት ግን አፍ በማጠብ፣ በአሞክሲሲሊን፣ በሜትሮኒዳዞልና በምግብ ይድናል። በመድረክ ንግግር የምንሰማው የተመጣጠነ ምግብና የኩፍኝ ክትባት የሕፃን ፊት የሚያድኑት እንዲህ ነው።

ተኝቶ የሚገባው መድኃኒት

በእነዚህ ሕመሞች ሁሉ ስሙ የተደጋገመው ሜትሮኒዳዞል በከተሞቻችን ያልቀመሰው አዋቂ ጥቂት ነው። ሆዱ ሲጮህበት ሰገራ ሳያስመረምር መድኃኒት ቤት ገብቶ «የአሜባ መድኃኒት ስጠኝ» የሚል ሰው የሚሰጠው እሱን ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 በፈረንሳይ ሲሆን ትሪኮሞናስ የሚባል ተሕዋስ ለሚያመጣው የሴት ብልት ፈሳሽ መድኃኒት ነበር። በ1962 ሺን የተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ለዚያ በሽታ የወሰደችው አንዲት ሴት የድድ ቁስሏም አብሮ እንደዳነ አስተዋለ። ከዚያች ምልከታ ተነሥቶ ነው አየር በማይወዱ ባክቴሪያዎች ላይ ያለው ኃይል የታወቀው።

አሠራሩ ድንቅ ነው። ሜትሮኒዳዞል ወደ ሰውነት የሚገባው ተኝቶ ነው። ኦክስጅን ባለበት ሕዋስ ውስጥ እንደተኛ ያልፋል። ኦክስጅን በሌለበት ባክቴሪያ ውስጥ ሲገባ ግን የባክቴሪያው የራሱ ኬሚካላዊ አሠራር ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰው መድኃኒት የባክቴሪያውን ዘረመል ይሰባብራል። ባክቴሪያው ያለ አየር መኖሩ ራሱ ሞቱን ይጠራል። ርካሽ ነው፣ በመግል ውስጥም በአንጎልም በደንብ ይደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይዞታል። አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ሽንትን ያጠቁራል፤ ይህ አያስፈራም። ከቦርዴም ሆነ ከአረቄ ጋር ግን አይወሰድ፤ ሐኪሞች ይከለክላሉ።

ይህን መድኃኒት በዘፈቀደ መውሰድ ሁለት ጉዳት አለው። በአንጀት ያሉትን ጠባቂዎቻችንን ይጨርሳል፣ የሚተርፉትም መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ይሆናሉ። ጠባቂዎቹ በአንቲባዮቲክ ሲያልቁ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባል ሌላ አየር የማይወድ ባክቴሪያ ቦታውን ይዞ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣበት ሁኔታ በዓለም በሙሉ የታወቀ ነው። በሆዱ ውስጥ መግል ለቋጠረው ሰው የምንመካበትን መድኃኒት ለተራ የሆድ ጩኸት ማባከን የለብንም።

ሐኪሙ በምን ያውቃል

እነዚህን ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ናሙናው አየር ሳይነካው መወሰድ፣ ኦክስጅን በወጣበት ዕቃ ውስጥ ለቀናት መቀመጥ አለበት። በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን ይህ በመደበኛነት አይሠራም። በጥጥ የተወሰደው መግል በተለመደው መንገድ ሲመረመር «ምንም አላደገም» ተብሎ ይመለሳል፤ አላደገም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚፈርደው በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በእጁ ነው፤ የሚከረፋ መግል፣ የጠቆረ ሥጋ፣ ከቆዳ ሥር ያለ ጋዝ፣ ከአንጀት ወይም ከጥርስ የተነሣ ቁስል ያስጠነቅቁታል። ዋቸሞን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ምርመራ በማስተማሪያ ሆስፒታላቸው ቢተክሉ፣ የትኛው መድኃኒት ዛሬም እንደሚሠራ ለአካባቢው ሐኪሞች የሚነግር የራሳቸው መረጃ ይኖራቸዋል።

የአባቶችም ካርድ

ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ተግባር ግልጽ ነው። በአፈር የተነካ ቁስል ሁሉ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠብ፣ እበት፣ ቅጠል፣ ቡና አይደረግበት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠየቅ። ከአንድ ቀን ያለፈ የሆድ ሕመም፣ የነፋና ጋዝ የዘጋ ሆድ፣ የወላድ ትኩሳት በቤት አይታከም። መግል የያዘ ነገር በክኒን አይሸፈን፤ ይበጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ከጤና ቢሮዎች ይጠበቃል። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት በያዘው ፔንታቫለንት ይከተባሉ፤ ሴቶች በመውለጃ ዕድሜያቸው እስከ አምስት ጊዜ ይከተባሉ። የልጅነቱ ክትባት ብቻውን ዕድሜ ልክ አያዘልቅም፤ ለአዋቂ ወንዶች ግን የተዘረጋ መደበኛ ፕሮግራም የለም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በመንጋጋ ቆልፍ ከሚተኙት አዋቂዎች አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸው ለዚህ ነው። ክትባቱ አለ፣ ማቀዝቀዣው አለ፣ ባለሙያዋም በየቀበሌው አለች። ሚስት ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ባልም ክንዱን ገልጦ ይከተብ፤ ለቁስል የመጣ ገበሬ ተከትቦና ቀጣዩ ቀጠሮ ተጽፎለት ይሂድ። ለእናቶች ካርድ አውጥቶ በሽታውን ከጨቅላዎች አልጋ ያራቀው የጤና ሥርዓት፣ ለሚቆፍሩትና ለሚያጭዱት አባቶችም ካርድ ማውጣት ይችላል፤ ማውጣትም አለበት።